በአልጋው ሥር የሚያድረው ሰው

አባባ ሆስፒታል በተኙባቸው 19 ቀናት ስማቸው በስንት መዝገብ ላይ እንደሰፈረ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ለመቁጠር ሞክሬ ነበር። ካርድ ክፍል ጻፋቸው፤ ድንገተኛ ክፍል ጻፋቸው፤ ላብራቶሪው፣ ሲቲ ስካኑ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የተኙበት ክፍልና ፊዚዮቴራፒው ሁሉም በየፊናቸው መዘገቧቸው። በእነዚያ ቀናትና ሌሊቶች ከአጠገባቸው ያልተለየነው እኔና ወንድሜ ግን በአንዱም መዝገብ ላይ የለንም። የነበረን ነገር በር ላይ ለዘበኛው የምናሳየው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጫፉ የተበላ፣ «አስታማሚ» ተብሎ ማኅተም የተመታበት አንድ ቁራጭ ካርድ ነው። ካርዱ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚያገለግል አንዳችን ስንገባ ሌላችን እንወጣ ነበር።

ስለ ጤና ፖሊሲ ሲነሳ የሐኪም ቁጥር፣ የአልጋ ቁጥር፣ የመድኃኒት አቅርቦትና የጤና መድን ይነሳሉ፤ መነሳታቸውም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ግን በሆስፒታሎቻችን ውስጥ ቀንም ሌሊትም ከባድ ሥራ እየሠራ፣ በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ ስለማይቆጠረው ሰው ነው። አስታማሚው ከሌለ ሕመምተኛው አይበላም፣ አይታጠብም፣ አይገላበጥም፣ የደሙ ናሙና ከላብራቶሪ አይደርስም፣ መድኃኒቱም አይገዛም። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ በአገራችን ያለ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሁላችንም ስለለመድነው እንደ ሥራ ቆጥረነው አናውቅም።

አባባ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖሩ የ68 ዓመት ገበሬ ናቸው። የደም ግፊት እንዳለባቸው የታወቀው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ለሌላ ሕመም ጤና ጣቢያ በሄዱበት ጊዜ ነበር። ኢናላፕሪል ታዘዘላቸው፤ በየወሩ እየሄዱ ተለክተው መድኃኒታቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ባለፈው መኸር ግን መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ጠፋ። «በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» ተባሉ፤ የሚቀጥለው ሳምንት የአጨዳ ሳምንት ሆነ፤ ከዚያም ውቂያው ተከተለ፤ በዚህ መሐል ምንም ስላላመማቸው ነገሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። በስልክ ስጠይቃቸው «ደኅና ነኝ ልጄ፣ ራሴንም አላመመኝ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ይህን ሰምቼ እፎይ ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። መጠየቅ የነበረብኝ «አመመዎት ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ኪኒኑ ስንት ቀርቶዎታል?» ብዬ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። የደም ግፊት ሰውየውን ሳያሳምመው ልቡን፣ ኩላሊቱንና የአንጎሉን የደም ሥሮች ለዓመታት እየጎዳ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 1.4 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነዚህም ግማሽ የሚጠጉት ይህን እንኳ አያውቁም። አባባ ከሚያውቁት ወገን ነበሩ።

ጥር ውስጥ አንድ ማለዳ ቡና እየጠጡ ሳለ ስኒው ከቀኝ እጃቸው አምልጦ ወደቀ፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተሳበ፤ ንግግራቸውም ተኮላተፈ። የተሰበሰበው ጎረቤት «ነፋስ መቷቸው ነው» አለ፤ ለማግሥቱ ጠበል ሊወስዷቸው ተነጋገሩ። ይህን የምጽፈው ጎረቤቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ አባባን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ ያደረሷቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የአባባ ሕመም ስትሮክ ነበር፤ ስትሮክ የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣ ጉዳት ስለሆነ የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ አንጎልን የሚያስከፍል ዕዳ ነው። ስትሮኩ የመጣው የደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ይህ መድኃኒት የሚሰጠው ግን ምልክቱ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከዚያም በፊት ችግሩ የደም ሥር መዘጋት እንጂ የደም መፍሰስ አለመሆኑ በሲቲ ስካን መረጋገጥ አለበት። ወንድሜ ከእርሻ ተጠርቶ እስኪመጣ፣ መኪና እስኪገኝ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሪፈር እስኪጻፍ ድረስ ቀኑ መሸ፤ አባባ ሲቲ ስካን የተነሡት በማግሥቱ ጠዋት ነበር። የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ መድከም ወይም የንግግር መኮላተፍ በድንገት ሲታይ ለምንም ነገር ሳይጠበቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንደሚገባ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ለአንድ ገጠር ላለ ዘመዱ ቢነግርልኝ ትልቅ ውለታ እቆጥረዋለሁ።

የአባባ ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ብዙ ወረዳዎች የተስፋፋ ሲሆን፣ ገበሬውና ቋሚ ደመወዝ የሌለው የከተማ ነዋሪ በዓመት አንድ ጊዜ ለቤተሰቡ መዋጮ የሚከፍልበት፣ መክፈል ለማይችለው ድሃ ደግሞ መንግሥት የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ከልቤ አከብረዋለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች ለአንድ ቀዶ ሕክምና የተሸጠውን በሬ አስታውሳለሁ፤ በዚያ ዓመት ያረስነው የጎረቤት በሬ ተውሰን ነበር። ዘንድሮ የአባባ አልጋ፣ ምርመራና በሆስፒታሉ የተገኘው መድኃኒት ሁሉ በመድኑ ደብተር ታለፈ። እንዲህም ሆኖ በ19 ቀናት ውስጥ ከእጃችን የወጣው ገንዘብ አባባ በዓመት ከሚያስገቡት ጋር የሚቀራረብ ነበር። ወጪው የታክሲ ነው፤ የምግብ ነው፤ የዳይፐር፣ የጓንት፣ የሽንት ከረጢትና «እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ መድኃኒት ነው። መድኑ ሕመምተኛውን ያውቃል፤ ሕመምተኛው ግን ብቻውን መጥቶ እንደማይታከም አያውቅም።

ከእኛ አልጋ ቀጥሎ ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ አንድ የመንዝ ሰው ነበሩ። ሲመጡ ሁለት በግ ሸጠው፣ ገንዘቡን በመቀነታቸው ቋጥረው እንደመጡ ነገሩኝ። የባለቤታቸውን ሕክምና መድኑ ሸፈነው። ሰውየው ግን ማደሪያ መከራየት ስላልቻሉ ሌሊቱን በአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያድሩ ነበር፤ ጠዋት ጽዳት ሠራተኞች ሲመጡ ካርቶኑን አጣጥፈው ከራዲያተሩ ጀርባ ይሸጉጣሉ። ምሳቸው ዳቦና ሻይ ነው፤ እሱንም በቀን አንድ ጊዜ። ከቤት ከመጣልን ምሳ ዕቃ ስናካፍላቸው «እናንተስ ልጆቼ?» ሳይሉ አንድ ቀን እንኳ አልጎረሱም። በአሥራ አምስተኛው ቀን አንደኛው በግ አልቆ ሁለተኛው ተጋምሶ ነበር፤ ሐኪሙ «ሌላ አንድ ሳምንት ይቆዩ» ሲላቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ባለቤታቸውን ይዘው በራሳቸው ፈቃድ ወጡ። እኒህ ሰው ሕክምናውን ያቋረጡት በሕክምናው ዋጋ ምክንያት አልነበረም፤ በአስታማሚው ዳቦ ምክንያት ነበር።

ማስታመም ሙያ እንደሆነ የተማርኩት በሦስተኛው ሌሊት ነው። አባባ መዋጥ ስላልቻሉ በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶላቸው ነበር፤ «አጥሚት እያቀጠናችሁ ስጧቸው» ተብለን በ50 ሲሲ ስሪንጅ እንሰጣቸው ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የመገብኳቸው ጋደም እንዳሉ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ተረኛ የነበረችው ሲስተር በአጠገባችን ስታልፍ አይታኝ ቆመች፤ ስሪንጁን ቀስ ብላ ከእጄ ተቀበለችና የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደረገች፤ ቱቦው ከቦታው አለመንሸራተቱን አረጋገጠች፤ አጥሚቱን በግፊት ሳይሆን በራሱ ክብደት እንዲወርድ ስሪንጁን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ሲጨርሱም ንጹሕ ውኃ አስከትላ አሳለፈች። «ከዚህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቀና ብለው ይቆዩ፤ ካልሆነ ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል» አለችኝ። ከዚያ አባባን ወደ ጎን አዙራ ከወገባቸው በታች ያለውን አጥንት አሳየችኝ፤ ቆዳው ቀልቷል። በጣቷ ተጫነችው፤ ስትለቀው ቅላቱ አልጠፋም። የአልጋ ቁስል ሲጀምር እንዲህ እንደሆነ፣ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ በቀናት ውስጥ እንደሚቆስልና እስከ አጥንት ሊደርስ እንደሚችል ነገረችኝ። ይህ ሁሉ ትምህርት የፈጀው አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ስልኬን በየሁለት ሰዓቱ እንዲጮህ አደረግሁት። ሦስት ሰዓት ላይ በግራ፣ አምስት ሰዓት ላይ በጀርባ፣ ሰባት ሰዓት ላይ በቀኝ፤ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ነጠላዬን ጠቅልዬ አደርግላቸዋለሁ። ቅላቱ በአምስተኛው ቀን ለቀቀ። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ግን በዕድል የተገኙ ነበሩ፤ ሲስተር በሌላ በኩል አልፋ ቢሆን ኖሮ አላገኛቸውም ነበር። ይህን ስል ነርሶቹን እየወቀስኩ አይደለም። በዚያ ሌሊት ሁለት ነርሶች 34 ሕሙማንን ይዘው ነበር፤ ኦክስጅን የሚከታተሉት እነሱ፣ መርፌ የሚወጉት እነሱ፣ አዲስ የገባ የሚቀበሉትም እነሱ ናቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንደኛዋ ወንበር ላይ ቁጭ ባለችበት እንቅልፍ ሲጥላትና ደንግጣ ስትነሣ አይቻለሁ። የእኔ ክርክር ሥርዓቱ ቤተሰብ ሥራውን እንዲሠራ ከፈቀደና ከፈለገ፣ ሥራውን ሊያስተምረውም ይገባል የሚል ነው። አንድ ሕመምተኛ ሲተኛ አስታማሚው በዚያው ቀን ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ አመጋገብን፣ አገላበጥን፣ የእጅ ንጽሕናንና መቼ ነርስ መጥራት እንዳለበት ቢማር ምን ይጎድላል? አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያም አይጠይቅም።

በክፍሉ ውስጥ አስታማሚው የፈጠረው የራሱ ሥርዓትም አለ። አንዱ መድኃኒት ፍለጋ ከነማ መድኃኒት ቤትና ቀይ መስቀል ሲዞር ሌላው የእሱን ሕመምተኛ ይጠብቃል፤ አንዷ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ስታመጣ ለስድስት ሰው ይቀዳል፤ አንድ ሕመምተኛ ያረፈ እንደሆነ የቀረው አስታማሚ ሁሉ ተነሥቶ ለቅሶውን ይቀመጣል። ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት «እግዜር ይማርዎ» የሚለው ድምፅ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዘዋወር የማያውቁት ሕመምተኛ ሳይጠየቅ አይታለፍም። ይህ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን ያን ክፍል አንችለውም ነበር። ታዲያ ይህ መደጋገፍ ስላለ ብቻ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል ብሎ መተው ትልቅ ጥፋት ነው፤ የመንዙ ሰው ጎረቤት ሕመምተኞች ሁሉ አዝነውላቸው ነበር፤ ሆኖም ወጥተዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለልምምድ የመጡ የነርሲንግ ተማሪዎች የሕሙማኑን ግፊት ሲለኩ አንዷ ተማሪ «አንቺንም ልለካሽ?» አለችኝ። 158/100 ነበር። ደገመችው፤ ያው ነው። ከተማሪዋ ጋር የነበረው ሐኪም እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል፣ ነገር ግን አባቴም ታማሚ ስለሆኑ አርፌ በተለያዩ ቀናት ደጋግሜ መለካት እንዳለብኝ ነገረኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ 12 ቀን ሙሉ በግፊት መለኪያ ተከብቤ ስኖር አንድ ሰው እንኳ እጄን ጠይቆኝ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ተገነዘብኩ። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ምሳ የበላሁባቸው ቀናት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ውኃ የምጠጣው መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ላለመሄድ ስል በጣም በጥቂቱ ነበር፤ እንቅልፌ በሁለት ሰዓት የተቆራረጠ ነው። ለአባባ ጨው ሲቀነስ እየተከታተልኩ እኔ ከበሩ ፊት ለፊት የሚሸጥ ጨው የበዛበት ቺፕስ እራት አደርግ ነበር። በስትሮክ የወደቀን ሰው የሚያስታምም ልጅ የዚያው ደም፣ የዚያው ወጥ፣ የዚያው የጨው ልክ ወራሽ ነው፤ ሆስፒታሉ የሚቀጥለውን ሕመምተኛውን በአልጋው ሥር አስተኝቶ እያለ አያየውም።

የሥራ ቦታዬ ነገርም መነሣት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት ወይም እናት ሲሞት ለሠራተኛው ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለማስታመም የተለየ ፈቃድ ግን የለም፤ ያለው ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። አለቃዬ መልካም ሰው ስለሆኑ የዓመት ፈቃዴን በአንድ ጊዜ እንድወስድ ፈቀዱልኝ፤ እንዲህ ያለ አለቃ የሌላት ሴት ግን አባቷን ለማዳን ደመወዟን ትሰጣለች፣ ለመቅበር ግን ሦስት ቀን ይሰጣታል ማለት ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን አንቀጽ ሲያሻሽሉ ከቀብሩ በፊት ስላለው ጊዜም እንዲያስቡበት እመኛለሁ።

ለአስታማሚ ማደሪያ ይሠራ ማለት የቅንጦት ጥያቄ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አገራችን ግን ይህን ሥራ አስቀድማ ታውቀዋለች። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ከብዙ ዓመታት በፊት መውለጃቸው የደረሰ የሩቅ ገጠር እናቶች በግቢው ውስጥ የሚቆዩበት ቤት ነበረው፤ ዛሬ የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ቀላል ቤት ነው። ያንን ቤት ያሠራው ሐሳብ ርቀት ራሱ ገዳይ ነው የሚል ነበር። በአዲስ አበባም ተስፋ አዲስን የመሰሉ በጎ አድራጊ ማኅበራት በካንሰር የታመሙ ሕፃናትን ከክፍለ ሀገር ይዘው የሚመጡ ወላጆችን ያሳድራሉ፣ ይመግባሉ። ታዲያ በየትልልቅ ሆስፒታሉ ግቢ አንድ አዳራሽ፣ ፎቅ አልጋዎች፣ ሻወርና አንድ የጋራ ማብሰያ ማዘጋጀት፣ የጤና መድኑም ከሩቅ ለመጣ አንድ አስታማሚ የመጓጓዣና የምግብ ጥቂት ገንዘብ እንዲያስብ ማድረግ ከአቅማችን በላይ ነው ብዬ አላምንም። የመንዙ ሰው ባለቤት አንድ ሳምንት ቢጨምሩ ኖሮ የሚያስፈልጋቸው የአንድ ሰው ዳቦና አንድ ፍራሽ ነበር።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ድርሻ ቢሆን ደስ ይለኛል። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመድበው ትኩረታቸው በንጽሕና፣ በእናቶችና ሕፃናት ጤና እንዲሁም እንደ ወባና ቲቢ ባሉ ተላላፊ በሽታዎች ላይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ለዚህ ለውጥ በእግራቸው ቤት ለቤት የዞሩት እነዚያ ሴቶች የማይናቅ ድርሻ አላቸው። በእኛ መንደር ያለችው ባለሙያ ክትባት ያልወሰደውን ሕፃን በስሙ ታውቀዋለች፤ ግፊቱን ያልተለካውን አባወራ ግን እንድትከታተል የሚያስችላት መለኪያ በእጇ አልነበረም። አባባ ኪኒናቸውን ባቋረጡበት ወር አንድ ሰው ደጃቸውን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ የዚህን ወር ወሰዱ?» ቢላቸው ኖሮ ምናልባት ስኒው ባልወደቀ ነበር።

አባባ አሁን ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ናቸው። ቀኝ እግራቸው በከዘራ ይሄዳል፤ ቀኝ እጃቸው ገና ነው፤ ቁርስ ላይ እንጀራውን በግራቸው ለመቁረስ ሲታገሉ ልረዳቸው እጄን እሰድና ፊዚዮቴራፒስቱ ያለኝን አስታውሼ እመልሰዋለሁ። ሁልጊዜ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሁለታችንም አምስት ደቂቃ ዝም ብለን ተቀምጠን ግፊታችንን እንለካለን። የወንድሜ ልጅ የሰጠችን የትምህርት ቤት ደብተር ላይ መሐል ለመሐል አስምሬ በግራ የእሳቸውን፣ በቀኝ የእኔን እጽፋለሁ። ዛሬ የእሳቸው 138/84፣ የእኔ 142/90 ነው። ሥሩ ላይ የቀረው የኪኒን ቁጥር ይጻፋል፤ የእሳቸው 11 ቀርቷል፤ ማክሰኞ ቀጠሯችን ነው፤ ለሁለታችንም በአንድ ቀን አስይዣለሁ።